ከአሸዋ የሚሻል ጭነት

አሥራ አንድ ጊዜ በኢድ ውድድር ጀልባ ይዤ ወጥቻለሁ፤ ሰባቱን አሸንፌያለሁ። ከአራቱ ሽንፈት አንዱ የገዛ ስንፍናዬ ነው። በሦስቱ ነፋስ አልነበረም፤ ነፋስ በሌለበት መሸነፍ ደግሞ መሸነፍ አይባልም። ፊደል አልቆጠርኩም። ፊደል የቆጠረ አንድ ሹም በጠራራ ፀሐይ፣ ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ሳለ፣ "እስቲ እኔ ልንዳው" ብሎ መሪውን ተቀብሎኝ አሸዋ ላይ ሰክቶን ያውቃል። ስለዚህ ፊደል አልቆጠረችም እያላችሁ አትዘኑልኝ።

የመጀመሪያውን ድሌን ልንገራችሁ። የቀሩት ስድስቱ የእሱ ልጆች ናቸው።

አባቴ ካሳቫ ተካይ ነበር፤ ባሕር ሲያይ ያጥወለውለዋል። ጀልባ የነበረው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ሳይዴ ነው። በእኛ መንደር በካባሴይራ ደግሞ ሰው ሲያረጅ ጀልባውን ለገዛ ልጁ አይሰጥም፤ ለእህቱ ልጅ ነው የሚሰጠው። የእህቱ ልጅ እኔ ነኝ፤ እናቴ ከእኔ ሌላ አልወለደችም። ጥርሴን ሳልነቅል ጀምሮ አብሬው ባሕር ወጥቻለሁ። ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው ሁለት ዓመት ሙሉ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ ከፊት ተቀምጦ ነፋሱን በጆሮው እየሰማ ይሰድበኛል።

በመጨረሻ ጨርሶ ማየት ሲያቅተው ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ቻሪፎም መጣ። ቻሪፎ የእናቴ አክስት የልጅ ልጅ ነው፤ ዝምድናው እንደ ውኃ የቀጠነ፣ ምላሱ ግን የወፈረ።

"አጎቴ፣" አለ፤ "የእህት ልጅ ሲባል እኮ ወንዱ ማለት ነው። ሙዋዚዛ ነገ ታገባለች፤ ጀልባው ባሏ እጅ ገባ ማለት ነው።"

"አግብቼ ፈትቻለሁ" አልኩት። "ሰውየው ከቤቴ ሲወጣ ሽርጡንና ማንኮራፋቱን ብቻ ነው ይዞ የሄደው።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አጎቴ አልሳቀም።

"ኢድ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል" አለ። "ቻሪፎ፣ አንተ የወዳጅህን ጀልባ ተውሰህ ትወጣለህ። እሷ የእኔን ይዛ ትወጣለች። ከቀደመችህ ጀልባው የእሷ ነው። ከቀደምካት ያንተ ነው፤ እሷም ሁለተኛ መሪ አትይዝም።"

ያን ሌሊት አልበላሁም። ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ ትንሽ በልቻለሁ።

በማግስቱ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ወንዶቹ አንድ በአንድ እምቢ አሉ። ሙሳ የሚባለው እንደውም፣ "ሴት በምትነዳው ጀልባ ሄድኩ ብል ሚስቴ ምን ትለኛለች?" አለኝ።

"እንኳን ሄድክልኝ ትላለች" አልኩትና ትቼው ሄድኩ።

ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ሴቶቹ ጭቃው ላይ ጎንበስ ብለው ዛጎል ይለቅማሉ። ከመካከላቸው አክስቴ ሙዋኔማ አለች፤ ከሉምቦ እስከ ካባሴይራ እሷን የሚያህል ሰው የለም። ስትራመድ ጭቃው ያቃስታል።

"አክስቴ፣ ከእኔ ጋር ትወዳደሪያለሽ?"

"አንቺ ልጅ ፀሐይ መታሽ? ሸራ መሳብ የት ችዬ!"

"መቀመጥስ?"

"በመቀመጥማ ማን ይደርስብኛል!"

"በቃ፣ የምፈልገው እሱን ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባው ነፋስ ሲያጋድለው እንዳይገለበጥ ወንዶቹ የአሸዋ ጆንያ ይጭናሉ። ሸራው ጎን በለወጠ ቁጥር ጆንያውን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ሌላው ጎን ማዞር አለባቸው። ሴት ግን ብድግ ብላ ሄዳ ቁጭ ትላለች። አሸዋ እግር የለውም።

ሰባት ሴቶች ሰበሰብኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ "ተነሱ! ተቀመጡ!" እያልኩ አደረቅኳቸው። አቲጃ የምትባለዋ ክንደ ብርቱ ስለነበረች የሸራውን ገመድ ሰጠኋት።

በኢድ ማለዳ ፊታችንን ሙሲሮ በምንለው ነጭ የእንጨት ቅባት ተለቅልቀን፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ቢጫ ሽርጥ አሸርጠን ወረድን። አሥራ አንድ ጀልባ ተሰልፏል። ወንዶቹ ሲያዩን በሳቅ ፈረሱ።

"ሠርጉ የት ነው?" አለ ቻሪፎ።

"ሙሽራው አንተ ከሆንክ ቀርቷል" አለችው አክስቴ ሙዋኔማ።

ተለቀቅን። ነፋስ የሚባል የለም። ሸራው እንደ ታመመ ሰው ተንጠለጠለ። ወዲያው ቻሪፎ ጀልባውን ለማቅለል ጆንያዎቹን ወደ ባሕር ይጥል ጀመር። ቧ! ቧ! ሌሎቹም ተከተሉት። ቀልለው በትንሿ ሽውታ ጥለውን ሄዱ።

እኔ ምን ልጣል? በእኛ ውድድር ሕጉ አንድ ነው፤ አሸዋ ይጣላል፣ ሰው አይጣልም። ይዘሽ የወጣሽውን ሰው ሁሉ ይዘሽ ትገቢያለሽ። ይህን ሕግ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሴቶቹን ስሰበስብ ግን አንዴም ትዝ አላለኝም። የማስበው ስለ ብርቱ ነፋስ ብቻ ነበር። ጀልባዬን በገዛ እጄ ለቻሪፎ ሰጠሁት አልኩ በልቤ።

"ከብጄብሻለሁ አይደል?" አለችኝ አክስቴ ቀስ ብላ።

"የለም፣ አልከበድሽም" አልኳት። ዋሸሁ።

"ፊትሽ እንደዚያ አይልም።"

"ፊቴን ትተሽ ውኃ ቅጂ!"

የጥጥ ሸራ ሲርስ ትንሿንም ነፋስ ይይዛል። በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዳን ሸራው ላይ ረጨን፤ ክንዳችን እስኪዝል ረጨን። እንደዚያ እየተንፏቀቅን ከሁሉም ኋላ፣ ዞረን የምንመለስበት የጎዋ ደሴት የመብራት ማማ ደረስን።

ደሴቲቱን ስንዞር በስተደቡብ ባሕሩ ጠቆረ። ነፋሱ መጣ! ያውም ሳያስጠነቅቅ። ከፊታችን ያሉት ባዶ ጀልባዎች እንደ ሰካራም ተንገዳገዱ። አንዱ ተገለበጠ፤ ሰዎቹ ጀርባው ላይ ወጥተው ይሰዳደባሉ። የቀሩት ፈርተው ሸራቸውን አላሉ።

"ወደ ጠርዙ!" አልኩ። ሰባቱም ሽርጣቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ነፋሱ በሚመጣበት ጠርዝ ላይ ተደረደሩ። ሸራዬን አንዲት ጣት አላላላሁም። ጀልባው ጮኸ፣ ከዚያ በረረ። አንድ በአንድ አለፍናቸው። ሙሳን ስናልፈው አቲጃ፣ "ለሚስትህ ሰላም እንልልሃለን!" አለችው።

ቻሪፎ ብቻ ቀረ። ሰነፍ ነው ብዬ አላውቅም፤ ባሕር ያውቃል። ሰዎቹን ከጠርዙ ውጭ አንጠልጥሎ ይነዳል፤ ግን አራት ቀጫጭን ወንዶች ምን ይመዝናሉ? ወደ መግቢያው ለመታጠፍ ሁለታችንም ሸራ ማዞር ነበረብን።

"ተነሱ!" ሰባት ሴት ብድግ። "ተቀመጡ!" ሰባት ሴት ቁጭ። ጀልባው አልተደናገጠም። የቻሪፎ ሰዎች በገመድ ተጠላለፉ፤ ሸራው በጥፊ ይማታ ጀመር።

"አክስቴ ሙዋኔማ!" ብሎ ጮኸ ቻሪፎ፤ "ለትንሽ ጊዜ ወደዚህ ዝለይልኝ!"

"ጠብቀኝ፣ ምሳዬን በልቼ!"

አንድ ጀልባ በሚያህል ርቀት ቀድመነው አሸዋውን ነካን።

አጎቴ ሳይዴ ሰዎች እየመሩት ውኃው ውስጥ ገባ። "ማን ነው የገባው?" አለ። ነገሩት። "ስንት ይዛ ወጣች?" አለ። ሰባት አሉት። በሰው ወሬ አላመነም፤ እጁን እየዘረጋ እርጥብ ራሳችንን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ቆጠረ። አክስቴ ዘንድ ሲደርስ ትከሻዋ አላልቅ አለው።

"ይቺ አንድ ናት ሁለት?"

"አንድ ነኝ! እጅህን አንሳ፣ አንተ ሽማግሌ!"

ያኔ ሳቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። "ጀልባው የሙዋዚዛ ነው" አለና ወደ ሰላቱ ሄደ። ምስጋና ብጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ቆሜ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቻሪፎ ደጄ ላይ ቆመ። ሊጣላኝ የመጣ መስሎኝ መፍጫ ድንጋዬን አቀረብኩ።

"ገመድ የሚስብልሽ ሰው አለሽ?" አለ።

"አቲጃ አለች።"

"አቲጃ መዳፏ ተልጧል፤ ጠዋት አይቻታለሁ። ለኢድ ጥሩ ናት፣ በየቀኑ ዓሣ ለማውጣት ግን አትቆይልሽም።"

እውነቱን ነበር። ሰው እውነት ሲናገር ጠላትም ቢሆን ይሰማል።

"መሪውን አትነካም" አልኩት።

"አልነካም።"

"ስለ ነፋስ አትመክረኝም።"

"እሱን እንኳ ቃል አልገባም" አለ።

አስገባሁት፤ ገንፎና ዓሣ ሰጠሁት። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ገመዴን ይስባል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ነፋስ ይመክረኛል። ዛሬ ጠዋትም "ደካማ ነው፣ ባንወጣ ይሻላል" ሲል ነበር። ወጣን። ሁለት ቅርጫት ሙሉ ዓሣ ይዘን ገባን፤ እሱ ግን ዓሣው ትንንሽ ነው እያለ እዚያ ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ያጉረመርማል።