የሾፌሩ ሁለት መጠይቆች

የጨጓራ ክፍሏ ነርስ ጡረታ ልትወጣ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቷታል። እስከዚያው ድረስ በመደበኛ ሥራዋ ላይ ሌላ ተደርቦባታል፤ የአእምሮ ሐኪሙ ለያዘው ጥናት ታካሚዎችን መጠይቅ ማስሞላት። መጠይቁ ሰው የገዛ ስሜቱን ለይቶ ማወቅ ምን ያህል እንደሚቸግረው ይለካል። ድሮ ሃያ ጥያቄ ነበረው፤ አሁን ወደ ስድስት አጥሯል። አጭሩ ይታመን እንደሆነ ለማየት አንድ ሰው በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለቴ ይጠየቃል። መልሱ ቁጥር ነው፤ ከአንድ፣ «በፍጹም አይመለከተኝም»፣ እስከ አምስት፣ «በጣም ይመለከተኛል»።

«እንደተጻፈው ያንብቡላቸው። አያብራሩ፣ አያግዙ» ብሏታል ሐኪሙ።

ለማብራራትስ ምን አቅም አላት? እስከ ምሳ ሰዓት ሠላሳ ካርድ ታስተናግዳለች፤ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ ይላታል። እቤት ስትገባ ታናሽ እህቷ «ምን ሆነሻል?» ትላታለች።

«ደክሞኛል።»

«ዓመቱን ሙሉ?»

ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ ትላለች።

የአውቶቡስ ሾፌሩ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ፍሬን» ይሉታል፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰው ቀርቶ ድመት ገጭቶ አያውቅም። ሆዱን ማመም ከጀመረው ሁለት ወር ሆኖታል። አልትራሳውንድ ተነሳ፣ በጉሮሮው ቱቦ ገብቶ ታየ፤ ምንም አልተገኘም። ነርሷ ስድስቱን ጥያቄ ስታነብለት «አንድ፣ አንድ፣ አንድ» እያለ በደቂቃ ጨረሰ። ድምሩ ስድስት፤ ስሜቱን አበጥሮ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። እሷም ቶሎ ስለገላገላት ደስ አላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትልቋ ልጁ ይዛው መጣች።

«ሲስተር፣ ሆዴን እያለ መድኃኒት ይውጣል እንጂ፣ የጀመረው እኮ እናታችን ካረፈች ወዲህ ነው» አለች።

«እሱና ይሄ አይገናኝም ልጄ» አላት አባቷ።

ነርሷ መጠይቁን ዘረጋች። ሦስቱን «አንድ» ብሎ አለፋቸው። አራተኛውን አነበበችለት፦ «ሲከፋኝ፣ ማዘኔ ይሁን መፍራቴ ይሁን መናደዴ መለየት ያቅተኛል።»

ሾፌሩ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አለ። «ሦስቱ በምን ይለያሉ፣ ሲስተር?»

ማብራራት ክልክል ነው። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እርስዎስ በምን ይለዩዋቸዋል፣ ጋሼ?»

«እኔ እንጃ።» ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ባለቤቴ የምትሠራው ልብስ ስፌት ነበር። ማታ ስትወጣ ከፋብሪካው ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ እኔ ነበርኩ የማሳፍራት። አሁን እዚያ ስደርስ በሩን እከፍታለሁ፤ መዝጋት ግን አልችልም። እጄ ወደ ቁልፉ አልሄድ ይለኛል። ተሳፋሪው ‹ንዳ እንጂ› ይለኛል። በሩ ተበላሽቷል ብዬ ጋራዥ አስገባሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ፈታተው አዩት፤ ደህና ነው አሉኝ።»

ልጁ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ያን ጊዜ ምን ይሰማዎታል?» አለችው ነርሷ።

«ሆዴን ይቆርጠኛል። ሌላ ምንም።»

ነርሷ ወረቀቱን አየችው። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ ስትል ነው ዕድሜዋን የኖረችው፤ የሰው ሀዘን ሌላ የት ይቀመጣል? ወረቀቱ ግን ስለዚያ አይጠይቅም።

«ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ» አላት ሾፌሩ። «ያኔ የመለስኩት ለመጨረስ ብዬ ነው። ዛሬ ላስብበት።»

ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። ውጭ ወረፋው እያጉረመረመ ነበር። ድምሩ ሃያ አምስት ሆነ።

ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዞ ተከዘ። «ስድስትና ሃያ አምስት? ይሄንን ማውጣት ሊኖርብን ነው፣ ሲስተር። መለኪያውን ያበላሽብናል።»

«አውጣው። ደግሞም አግዤዋለሁ፤ አልዋሽህም።» ወንበር ስቦ እንዲሰጣት አልጠበቀችም፤ ተቀመጠች። «ግን ዶክተር፣ ሰውየው መጀመሪያ የመጣ ቀን ስሜቱን እንደማያውቅ ራሱ አያውቅም ነበር። የማያውቀውን ነገር አውቆ ቁጥር እንዲሰጠን ነው የጠየቅነው። ያንን በስንት ጥያቄ ትለካዋለህ?»

ሐኪሙ ወረቀቶቹን ከሌሎቹ ለይቶ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ሾፌሩንም በየሐሙሱ ራሱ እንዲያየው ቀጠረው።

ወር ከምናምን በኋላ ልጁ ቀጠሮ ልታስለውጥ ብቻዋን መጣች። ነርሷ እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ቅዳሜ አውቶቡሱን እያጠበ አለቀሰ አሉ። እቤት ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። ጉንፋን ነው አለን።»

«እናንተስ ምን አላችሁት?»

«ምን እንላለን፣ ሻይ አፍልተን ከጎኑ ተቀመጥን።»

«ሆዱስ?»

«አንዳንድ ቀን ያመዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ረስቶት ይውላል።»

ነርሷ አዲሱን ቀን ካርዱ ላይ ጻፈችላት። አሥራ አንድ ሰው ገና አልታየም ነበር፤ ተነሥታ ቀጣዩን ጠራች።