ግማሹ ለመሬት

ሟቹ ዕድሜውን የጨረሰበትን ዘር እህቱ ቀቀለችው። ቀቅላም ለለቀስተኛ አቀረበችው፤ ጨው ጨምራ።

ልጁ ይህን ያወቀችው በአፍንጫዋ ነው። ከጎረቤት በተዋሷቸው ወንበሮች መካከል ተቀምጣ፣ ጡረተኛው መምህር ስለ አባቷ ትሕትና የተናገሩትን እንደገና ሲናገሩት እየሰማች ነበር። ድንገት ከወጥ ቤት በኩል ትኩስ የፈንዲሻ ሽታ መጣ። ለቅሶ ቤት ማን ፈንዲሻ ያፈነዳል? መምህሩም ትሕትናውን አቋርጠው ሳህናቸውን አሸተቱ።

«ይሄ ሩዝ ምን ቢገባበት ነው?» አሉ።

ልጅቷ ተነስታ የወጥ ቤቱን በር ገፋችው። በሩ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

«ቀስ በይ፣ ትሰብሪዋለሽ!» አለች አክስቷ ከትልቁ ድስት ላይ ቀና ብላ። «አባትሽም በር በቀስታ ዝጊ እንዳለሽ ሞተ።»

«እትዬ፣ ይሄ ሩዝ ከየት መጣ?»

«ከሱቅ ነዋ። አልበቃ ሲለኝ አባትሽ መኝታ ቤት ያሉትን ቆርቆሮዎች ገለበጥኩበት። ቀላ ያለ፣ ያልተፈተገ ነገር ነው። ምነው፣ ነቅዟል እንዴ?»

ቆርቆሮዎቹ ከመታጠቢያው አጠገብ ተደፍተዋል። ታጥበው።

«ዘር ነው! የአባዬ ዘር!»

«ዘር ከሆነ ገለባው የታለ? ገለባ ባይበት እነካው ነበር?»

ጥያቄው ልክ ነበር፤ ይበልጥ ያናደዳትም ልክነቱ ነው። አባቷ የሩዝ ምርምር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። የፍሬዎቹን ርዝመትና ስፋት ካልለካ እንቅልፍ ስለማይወስደው ገለባቸውን በእጁ እያሸ ያወልቃል። ጫፏ ላይ ያለችው ጽንስ እስካልተነካች ድረስ ፍሬዋ ራቁቷንም ትበቅላለች ይል ነበር። ከተቀቀለች ግን አለቀ።

ዓመታት የደከመው ሁለት ዝርያዎችን ለማዳቀል ነው። አንደኛዋን «ሙሽሪት» ይላታል፤ ሽታዋ እንደ ፈንዲሻ ሰፈር ያውዳል፣ ግን አገዳዋ ረጅምና ልፍስፍስ ስለሆነ ነፋስ ሲነካት ትተኛለች፣ ፍሬዋም ድብልብል ነው። ሌላኛው «ዘበኛው» ነው፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ ፍሬው ረጅምና ቀጭን፣ ሽታው ግን እንደ ወረቀት። የሙሽሪትን ሽታ ለዘበኛው መስጠት ነበር ሐሳቡ። ሽታው ደግሞ ተንኮለኛ ነው። የሚመጣው አንድ ጂን ሲበላሽ ነው፤ የተበላሸውም ከእናትም ከአባትም መወረስ አለበት። ከአንዱ ወገን ብቻ ከመጣ ይደበቃል፣ ልጆቹን ዘሎ በልጅ ልጆቹ ብቅ ይላል።

እሷ ይህን ያወቀችው ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ፣ ገና ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት ሳይደርስ ነው። አባቷ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፍሬውን በምላጭ ለሁለት ይቆርጠዋል። ጽንስ ያለበትን ግማሽ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ምላሷ ላይ ያደርጋል። ከባድ ጉንፋን ማሽተቱን ስለወሰደበት ስሟ «አፍንጫዬ» ነበር።

«ግማሹ ላንቺ፣ ግማሹ ለመሬት። ፈንዲሻ?»

«የለም።»

«ይሄስ? ፈንዲሻ?»

«አዎ!» ስትል ወንበሩን ገፍቶ ይነሳና ወጥ ቤቱን እየዘለለ ይዞረው ነበር፣ ያን የሚያህል ትልቅ ሰው።

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። አባቷ «መነጽር» የሚለው የጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ ሳህኑን እንደያዘ ገባ።

«ለቅሶ ቤት የሥራ ነገር አይወራም ብዬ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት። ግን ይሄ ሽታ… እሱ ነው አይደል? ውጤቱ መጥቷል! የሰጠኝ ግማሾች በሙሉ የሽታውን ጂን ከሁለቱም ወገን ይዘዋል! አንድ እንኳ አልተለየም። ዘሩ ረግቷል፣ ሽታው ከእንግዲህ አይደበቅም!»

«የምን ግማሾች?»

«ፍሬዎቹን እየቆረጠ ግማሽ ግማሹን ለማሽን ሰጠኝ። ልጄ ማኘክ ድሮ ቀረ ብላኛለች አለኝ።»

ብላዋለች። በስልክ፣ ለፈተና እየተጣደፈች። «አባዬ፣ በዚህ ዘመን ሩዝ እያኘከ ዘር የሚመርጥ ማን አለ? ማሽኑ ያነብልሃል።» እሱም «ማሽኑ ጎበዝ ነው፤ ግን እራት አይበላም» ብሎ ስቆ ነበር። እንዳልሰማት ቆጥራ ስልኩን ዘጋችው።

«በሉ ቆርቆሮዎቹን ስጡኝ» አለ መነጽር። «ማሳውን ጎርፍ ጠርጎታል፣ የቀረው እዚህ ያለው ብቻ ነው። ነገ ችግኝ መደቡ ይዘራል፤ ዘሩ ካልደረሰ አለቃችን መደቡን ለሌላ ሥራ ይሰጠዋል።»

አክስቷ በማማሰያው ድስቱን አሳየችው።

«ተበሉ» አለች።

መነጽር ሳህኑን አየ። አብዛኛውን እሱም በልቶታል።

ልጅቷ ግን ስለ ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ግማሹ ለማሽን ከሄደ፣ ሌላው ግማሽ የት ሄደ?

«እትዬ! አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አልነበረችም?»

«ነበረች። እሷማ ስብርባሪ ብቻ ናት። ወንድሜ ይሄን ሲበላ ኖሮ ነው ብዬ አለቀስኩ እንኳ። ለእንግዳ ያሳፍራል ብዬ ለጎረቤት ዶሮዎች ጓሮ ደረጃው ላይ በሳህን…»

ቀሪውን አልሰማችም። ጓሮ ስትደርስ ቀይዋ ዶሮ ሳህኑ ውስጥ ቆማለች። «እሽ! ውጪ! አንቺ ሌባ!» ጫማዋን አውልቃ ወረወረች፤ ዶሮዋን ሳተች፣ ሳህኑን መታች። ፍሬው ተበተነ። መነጽር በሙሉ ልብሱ ተንበርክኮ መልቀም ጀመረ፤ እሷም አጠገቡ። መስኮቱ በሰው ፊት ሞላ።

«ሐዘኑ ገና አሁን ወጣላት» አሉ መምህሩ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ተዉአት፣ ይሻላታል።»

አንዱን ፍሬ ጥፍሯ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃኑ አነሳችው። ቀይ፣ ቀጭን፣ ወገቡ ላይ በምላጭ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ። ጫፉ ላይ ጽንሷ ቁጭ ብላለች። ሌላው፣ ጽንሷ አለች። ሌላውም!

«የዘበኛው ቁመና!» አለ መነጽር።

«የሙሽሪት ሽታ!» መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። «ይበቃል?»

«ለአንድ መደብ? ይተርፋል እንጂ!»

አክስቷ ማማሰያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። «ወንድሜን ሁለተኛ ገደልኩት» አለች።

«ማንንም አልገደልሽም። አባዬ ቆርጦ የመረጣቸውን እንኳንም አልቀቀልሻቸው። አልቅሺ አልቅሺ ካለሽ ለሱ አልቅሺ፣ ለሩዝ አይለቀስም።»

ግማሾቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለቻቸው። የተቆረጠ ፍሬ ቶሎ ይሻግታል፤ ዛሬውኑ መጸዳትና መነከር አለበት። መነጽር መኪናውን ሊያስነሳ ቀደመ።

«የሟች ልጅ ለቀስተኛ አስቀምጣ ወዴት ነው የምትሄደው?» አለች አክስቷ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሩዙን ይብላና ይበል።»

ከድስቱ አጠገብ ስትደርስ ግን ቆመች። አክስቷ ማንኪያ ሰጠቻት። ጥቂት ቀምሳ ዓይኗን ጨፍና አኘከች፤ ቀስ ብላ፣ ያኔ እንደምታደርገው። የሚጠይቃት አልነበረም።

«አዎ» አለች።

ጥቅልሉን ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች። በሩንም እጀታውን ጠምዝዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው።