ፍቀድ ወይስ ከልክል

ፈንታው ቢቻለው ኖሮ ያቺን ስልክ በማጭድ ይከፍታት ነበር። ማሽላውን ለወፍ ትቶ ከመንደሩ ከሮቢት ቆቦ ከተማ ድረስ ሲመላለስ፣ የታሂር ስልክ ጥገና ቤት በር ላይ ተጎልቶ ሲውል ይኸው ሦስት ሳምንቱ። ምን ያድርግ? መሄጃ የለው!

ስልኳን የላከችለት ልጁ ሔራን ናት፣ ከጅዳ። አማርኛ አድርጋ፣ በራሷ አካውንት ከፍታ፣ «አባዬ፣ ፊቴን እያየህ ታወራኛለህ» ብላ በሰው ላከችለት። ስትሄድ ደላላው ፓስፖርቷን በሌላ ስም ነበር ያወጣው፤ እንዲህ ካልሆነ ሥራ ቶሎ አይገኝም ብሎ። ሚስቱ ደመቀች ስሙን ልትነግረው ብትሞክር ፈንታው ጆሮውን ደፈነ። «እኔ ያወጣሁላት ሔራን ብዬ ነው። ሌላውን አልሰማም!» አለ። ጅዳ ሁሉ ነገሯ በዚያ ስም ቢሆንም፣ ሁለት ዓመት ያ ስም በቤቱ ተነስቶ አያውቅም።

ታዲያ በቅርቡ አሠሪዋ ማዳም ሲም ካርዷን ቀማቻት። የቀራት የቤቱ ዋይፋይ ብቻ ሆነ፤ እሱንም የምታገኘው ዓርብ ዓርብ፣ ሰዎቹ ለጁምዓ ሲወጡ ነው። በመጨረሻው ዓርብ እያለቀሰች፣ «አባዬ፣ ለሌላ ከተማ ሰዎች አሳልፈው ሊሰጡኝ ነው። የት እንደሆነ ሳልነግርህ ከወሰዱኝ በምን ታገኘኛለህ?» አለችው። በማግስቱ የመደወያው አፕ «አሮጌ ነኝ፣ አድሱኝ» ብሎ ተዘጋ።

የሚታደሰው ከስልኳ የአፕ መደብር ነው። መደብሩ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ እሱን የምታውቀው፣ ከጅዳም ሆና ገብታ ልታድሰው የምትችለው ሔራን ብቻ ናት። ረሳሁት ሲሉት ደግሞ ኮድ ልኬያለሁ ይላል። የት? ማዳም መሳቢያ ውስጥ ወዳለው ሲም!

«ሌላ ስልክ ቢሆን አፑን ከሚሞሪዬ ገልብጬ በአምስት ደቂቃ እሸኝዎት ነበር፣ ጋሽ ፈንታው» አለው ታሂር። «ይቺ ግን ከራሷ መደብር ያልመጣ ነገር አትቀበልም። ለእናንተው ጥበቃ ነው ይላሉ።»

«ከማን ነው የምትጠብቀኝ?»

«ከሌባ ነዋ! ውሸትም አይደል። ባለፈው አንዱ ከሜዳ ያገኘውን አፕ ጭኖ የሚስቱ ፎቶ አገር ለአገር ዞረ።»

«እኔ ምን የሚሰረቅ አለኝ? ልጄን ልስማበት ነው ያልኩት!»  ሰውየው እውነቱን ነው፤ ታሂር ስልኳን እንደገና ይነካካት ጀመር።

በአራተኛው ዓርብ ታሂር ለጁምዓ ሊሄድ ሲነሳ ስልኳን እጁ ላይ አኖረለት። «አደራ፣ የማያውቁት ሰው ልግባ ካለ ከልክል የሚለውን ይጫኑ። ፍቀድ ካሉት አካውንቱን ይዞት ይጠፋል፤ ያኔ ሔራንን በዚች ስልክ አያገኟትም።»

የዚያን ቀን አብራው የመጣችው ደመቀችም ጨው ልትገዛ ሄደች። ፈንታው ብቻውን ቀረ። ስልኳ ተንቀጠቀጠች። በጣቱ እየተከተለ አነበበ፦ «ዚነት የተባለ ስልክ ወደ አካውንትዎ ለመግባት እየሞከረ ነው። ፍቀድ። ከልክል።»

ዚነት? የሚያውቃት ዚነት የጎብዬ ገበያዋ ሽንኩርት ሻጭ ብቻ ናት፤ እሷ ስልክም የላት። «ይቺ ናታ ሌባዋ!» አለና ከልክልን ተጫነው። ስልኳ እንደገና ተንቀጠቀጠች። እንደገና ከለከለ። በሦስተኛው ላይ፣ «ሂጂ ወዲያ! የልጄ ቤት አትግቢ!» ብሎ ጮኸ፤ መንገደኛው ዞሮ እስኪያየው። ከዚያ ስልኳ «ለደኅንነትዎ ሲባል አካውንትዎ ተቆልፏል» አለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለው። ሔራን ከሄደች ወዲህ አንድ ነገር የጠበቀላት መሰለው።

ደመቀች ስትመለስ ገና ከሩቅ፣ «ሌባ መጥታብኝ ነበር!» አላት። «ሦስቴ መለስኳት። ዚነት ትባላለች።»

ደመቀች ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ጨዉን ከእጇ አላስቀመጠችም።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«ፈንታው፣ የልጅህ የፓስፖርት ስም ማን ነው?»

«አልሰማም ብዬሻለሁ እኮ!»

«ዛሬስ ትሰማለህ» አለች። «ዚነት ነው።»

ስልኳን በሁለት እጁ ያዛት። ፍቀድ የሚለውን ፈለገ፤ ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ። የለም። የቁልፍ ሥዕል ብቻ። «ፈቅጃለሁ» አላት፣ እንደ ሰው። «ፈቅጃለሁ፣ ግቢ ልጄ።»

ከመስጊዱ ሰው መውጣት ጀመረ። የጅዳ ሰዓት ከቆቦ እኩል ነው፤ እዚያም ሰዎቹ ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው።