በወንድሟ መታወቂያ የተመዘገበችው ዘፋኝ

የመጀመሪያው ቡጢ ያረፈው ከንፈሩ ላይ ነው። ሁለተኛውን ጋሼ ቤዝ አላየውም፤ ብቻ ጀርባው ከድምፅ ማጉያው ጋር ተላተመና አብረው ተገነደሱ። ይሄ ሁሉ እንግዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን በተለበጠች አንዲት የልምምድ ክፍል ውስጥ ነው። ካርቶኑ የተለጠፈው ጎረቤት በሙዚቃው እንዳይማረር ነበር። አሁን ሰው ሲደበደብም ጎረቤት አልሰማም፤ ወይ ጉድ!

ጋሼ ቤዝ የሚሉት ቤዝ ጊታር ስለሚመታ ነው። እህቱ ዘፋኝ ናት፤ በአሥር ዓመት ታንሰዋለች፤ መድረክ ላይ ስሟ «ጤዛ» ነው። እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ ያሳደጋትም፣ ዘፈን ያስተማራትም፣ የማንንም አሳታሚ ደጅ ሳይጠኑ በራሳቸው እንዲሠሩ ያደረገውም እሱ ነው። ምክር ደግሞ ሲወድ! «እቱ፣ ያላነበብሽው ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። የተቀዳውን ኦሪጅናል ከእጅሽ አታውጪ። ስም የዘፋኝ ቤት ነው፤ በሰው ቤት አትኑሪ።» ቁርስ ላይ ምክር፣ እራት ላይ ምክር። እሷም «እሺ ጋሼ፣ እሺ» ትላለች፤ በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ታፈስሰዋለች።

የሚያስደበድበው አንድ ኮንሰርት አዘጋጅ፣ ፕሮሞተር የሚሉት፣ ሁለት ደንደሳም ጎረምሶች አስከትሎ የመጣው እሷን ፈልጎ ነው። ለአሥር ዓመት በውል ልያዛት ብሎ ሦስት ጊዜ ወረቀት ላከ፤ ጋሼ ቤዝ ሦስቱንም ቀዶ መለሰለት። በአራተኛው ሰውየው ራሱ መጣ።

«ዘፋኟ እሷ፤ አንተ ምን ቤት ነህ?» አለው፣ የወደቀው ማጉያ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ።

«ወንድሟ ነኝ!»

ለዚች መልስ ጎኑን በጫማ አሉት። ጋሼ ቤዝም የዋዛ አይደለም፤ የማይክ ገመድ አንስቶ ያጭሩ ጎረምሳ አንገት ላይ ጠመጠመና ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ ሳበው። ረጅሙ ከኋላ መጥቶ በወንበር ማጅራቱን ባይለው ኖሮ የዚያን ቀን ነፍስ ያጠፋ ነበር። ወደቀ። ጎድኑ ቀጭ ሲል ራሱ ሰማው። ጊታሩን ረገጡት፤ አንገቱ ለሁለት ተሰበረ። ከራሱ ጎድን ይልቅ ያ አመመው።

«ግደሉኝ!» ብሎ ጮኸ ደም እየተፋ። «ግደሉኝ እንጂ አይሆንም! ስሙ የተመዘገበው በኔ ነው! እኔ ካልፈረምኩ ማንም ‹ጤዛ› ተብሎ አይዘፍንም፣ እሷም ብትሆን!»

ጎረምሶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። የሚያዩት እሱን አልነበረም፤ በሩን ነው። እህቱ ለልምምድ መጥታ እዚያ ቆማለች።

አይ ምላስ! ነገሩ እኮ እንዲህ ነው። የመድረክ ስም የሚመዘግበው መዝገብ ቤት የሚያስተናግደው ጠዋት ብቻ ነው፤ ሙዚቀኛ ደግሞ ጠዋትን የሚያውቀው ሊተኛ ሲል ነው። ያኔ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ አድረው፣ እሷ «ጉሮሮዬ ይረፍበት» ብላ ተኛች። ዘፋኝ ከእንቅልፉ አይቀሰቀስም፤ በእነሱ ሙያ ነውር ነው። እሱ ጊታሩን እንዳዘለ ብቻውን ሄደ። ጸሐፊዋ «የስሙ ባለቤት ካልመጣች በአንተ መታወቂያ ይያዝ፤ ኋላ ታዛውሩታላችሁ» አለችው። ዛሬ ነገ ሲል ሁለት ዓመት ሞላው፤ ጠዋት በመጣ ቁጥር ሁለቱም ተኝተው ነበር። ያን ሁሉ ምክር የመከረ ሰው ይህን በምን አፉ ይንገራት? አፍሮ ደበቃት።

«እውነት ነው ጋሼ?» አለች።

«ቆይ እቱ፣ ላስረዳሽ…»

«እውነት ነው ወይ ነው የምልህ!»

«እውነት ነው።»

ፕሮሞተሩ ራሱን ነቀነቀ። «ሰማሽ የኔ እመቤት? እኔ የጠየቅሁሽ አሥር ዓመት ነው። እሱ ዕድሜ ልክሽን ወስዶብሻል።»

ዓይኗ ደም ለበሰ። ያ ሁሉ «ተጠንቀቂ፣ ሌባ ብዙ ነው» እያለ ያስፈራራት ለካ ለራሱ ነው! የማይክ ማቆሚያውን ብድግ አደረገች፤ መቆሚያው ድፍን ብረት ነው። ጋሼ ቤዝ ፊቱን ሊከልል ግራ እጁን ዘረጋ፤ ክር የሚይዝበትን እጁን። ብረቱ እዚያው ላይ ወረደ። ደገመችው። በሦስተኛው ሁለት ጣቶቹ ወደማይታጠፉበት ታጠፉ፤ እሱም እንደ ሕፃን ጮኸ።

«ኧረ በእናትሽ!» አለ አጭሩ ጎረምሳ፣ አንገቱን እያሻሸ።

«ብዕር ስጡኝ» አለች።

«እቱ…» ትንፋሽ አጠረው። «እጄን ተዪው፣ እጄ ይሰበር። አንብበሽ ፈርሚ። በሞቴ፣ አንብቢው።»

«ምክርህን ለራስህ!»

ወረቀቱን ከበሮው ላይ ዘርግታ አምስቱንም ገጽ ፈረመች። አንድ መስመር አላነበበችም። የመጨረሻው ፊርማ ሲደርቅ ንዴቷም አብሮ በረደና ዘወር ብላ እጁን አየችው።

«ወይኔ ጋሼ! ወይኔ ጉዴ! ምን አደረግሁህ?» ተንበርክካ በሻርፗ ትጠቀልለው ጀመር። «ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ተነስ።»

ፕሮሞተሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «መኪና ውስጥ ግቢ። ዛሬ ቀረጻ አለሽ።»

«ወንድሜን ሳላሳክም?»

«የት እንደምትሄጂ፣ ከማን ጋር እንደምትውዪ የምወስነው እኔ ነኝ። ገጽ ሦስት ላይ ፈርመሽበታል። ስሙን ለሱ ተዪለት፤ እኔ ሌላ አወጣልሻለሁ።»

ረጅሙ ክንዷን ጨበጠ። ነከሰችው። በጥፊ ሊላት እጁን ሲያነሳ ፕሮሞተሩ «ፊቷን እንዳትነካ! ነገ ፎቶ ትነሳለች» ብሎ ጮኸ፤ ጎረምሳውም ሆዷን በቡጢ አላት። እጥፍ አለች። በብብቷ አንጠልጥለው ደረጃውን እየጎተቱ አወረዷት።

ጋሼ ቤዝ በክርኑ እየዳኸ በሩ ጋ ደረሰ። ከታች ከደረጃው ድምጿ መጣ፤ ያ ያሳደገው ድምፅ።

«ጋሼ! ምን ላድርግ? ንገረኝ፣ ምን ላድርግ?»