ኦኖ የደበቀው ጠርሙስ

በኦኖ ዘር ወንዱ ሁሉ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ይመለጣል። አያቱም አባቱም እንደዚያው ነበሩ። የአባቱ ወንድም ሪንደርት ደግሞ መላጣነትን እንደ ርስት የሚቆጥር ሰው ነበርና፣ የኦኖ ግንባር ላይ ፀጉሩ መሳሳት የጀመረ ሰሞን በልደት ግብዣ መሃል መዳፉን አናቱ ላይ አሳርፎ፣ «እንኳን ደህና መጣህ የኔ ልጅ፣ ስንጠብቅህ ቆየን» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኦኖም አብሮ ሳቀ። በዚያው ሳምንት ግን ለማንም ሳይናገር ከቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘ።

ሐኪሟ ነገሩን በአጭሩ አስረዳችው። የፀጉሩን ሥር የሚያቀጭጨው የገዛ ራሱ የወንድነት ሆርሞን ነው፤ ያንን የሚያግድ የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ የራስ ቆዳ ላይ ብቻ የሚረጭም አለ። ኦኖ ኪኒኑ መላ ሰውነቱን እንዳይነካበት ፈራና የሚረጨውን መረጠ። ስድስት ወር ታገሠ፣ የሳሳው ባይሞላም የቀረው ፀና። ከዚያ ወዲያ ያቺን ትንሽ ጠርሙስ እንደ ነፍሱ ያዛት።

ሥራው በኤምደን ከተማ መዋኛ ገንዳ ዋና ማስተማር ነው። ውሃ ውስጥ የሚውል ሰው ራሱን በምንም አይሸፍንም፤ ያለውም የሌለውም ለሁሉ ይታያል። ኢንሳን ያገኛት እዚያው ነው። መነጽር ቤት ሌንስ የምትሞርድ፣ ሠላሳ ዓመቷ ድረስ ዋና ያልተማረችና በዚህ የምታፍር ሴት ነበረች። ለመንሳፈፍ አራት ሳምንት ፈጀባት። አምስተኛው ላይ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ስትወጣ፣ ሻይ ልጋብዝሽ አላት። በሁለተኛው ክረምት የከተማው የውሃ ቦይ ዳር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተው አብረው መኖር ጀመሩ።

ኢንሳ ማታ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጣ የኦኖን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ ፀጉሩን በጣቷ ማበጠር ትወድ ነበር። ቀን ሙሉ መስታወት ሲሞርድ የዋለ እጅ የሚያርፈው እዚያ ነው ትል ነበር። እሱም ስለ ጠርሙሱ አልነገራትም። መጀመሪያ አፍሮ ነው። በኋላ ደግሞ ሳይነግራት የቆየበት ጊዜ ራሱ አሳፈረው። ጠርሙሱን ገንዳው ቤት ባለው የልብስ ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ የመጨረሻውን ትምህርት ጨርሶ ይረጭና፣ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ቆቡን አድርጎ ወደ ቤት ይሄዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ግን መድኃኒቱን ነበር የደበቀው።

ልጅ ፈልገው ሦስት ዓመት ጠበቁ። ተስፋ ወደ መቁረጡ ሲጠጉ ኢንሳ ፀነሰች። ምሥራቹን የነገረችው በምሳ ሰዓት ገንዳው ቤት ድረስ መጥታ ነው፣ ሥራ ላይ የምትለብሰውን ሽርጥ እንኳ አላወለቀችም። ኦኖ አቅፏት አለቀሰ። ያን ቀን ማታ ሣጥኑን ከፍቶ፣ አጣጥፎ የጣለውን የመመሪያ ወረቀት አውጥቶ አነበበ። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን መድኃኒት እንዳትነካ፣ የተረጨበትን የራስ ቆዳም እንዳትነካ፣ ወንድ ጽንስ ሊጎዳ ይችላል ይላል።

አቆመው። አምስት ቀን ቆየ። በስድስተኛው ቀን ሲታጠብ የውሃ መውረጃው ላይ የተጠቀለለ ፀጉር አየና ልቡ ከዳው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ዘዴ ያዘ። መድኃኒቱን ከመተው ይልቅ ሚስቱን ከራሱ ማራቅ ቀለለው። ቤት ውስጥ የሱፍ ቆብ አያወልቅም፣ ጆሮዬን ብርድ መታኝ ይላል። አንኮራፋለሁ፣ እንቅልፍ እነሳሻለሁ ብሎ መኝታውን ወደ ትንሿ ክፍል አዛወረ። ሶፋው ላይ እጇን ስትዘረጋ ሻይ ላፍላ ብሎ ይነሳል። ለምርመራ አብሯት ሲሄድ እንኳ በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጥ ነበር።

ሚስጥሩን ያወቀች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ታልከ የምትባል፣ ከሃያ ዓመት በላይ ገንዳው ላይ የኖረች የሥራ ባልደረባው። አንድ ቀን ሣጥኑ ተከፍቶ ጠርሙሱን አየች።

«ኢንሳ ታውቃለች?» አለችው።

«አታውቅም። አላስነካትም፣ እጠነቀቃለሁ።»

«አንተ ልጅ፣ ፀጉር ምንድን ነው? የኔ ሰውዬ ራሱ እንደ እንቁላል ነው፣ ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ። ንገራት።»

«እነግራታለሁ።»

«ዛሬ ንገራት።»

ኦኖ አልነገራትም። በአራተኛው ወር መጨረሻ ግን ኢንሳ ራሷ ጠየቀችው። ድንች እየላጠች ነበር፣ ቀና ሳትል፣ ልጁን አትፈልገውም እንዴ አለችው። ምን ማለትሽ ነው፣ ደክሞኝ ነው እንጂ አላት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም።

በአሥራ ስምንተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ኦኖ ሕፃናትን በጀርባቸው መንሳፈፍ ሲያስተምር ታልከ ከቢሮ ወጥታ ገንዳው ጫፍ ላይ ቆመች። ፊቷን ሲያይ ገባው። ልብሱን በእርጥብ ገላው ላይ ደርቦ ሆስፒታል ሲደርስ ነገሩ አልቋል። ወንድ ነበር። አዋላጇ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻቸው፣ ከሁለት መዳፍ የማይበልጥ ነው። ኢንሳ ለረጅም ጊዜ አየችው። ኦኖ ጨርቁን እንጂ ልጁን ማየት አልቻለም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላ አለው። ልጁ ለምን እንደሞተ የምርመራውን ውጤት ለመስማት አብረው የማህፀን ሐኪሟ ፊት በተቀመጡ ጊዜ፣ ሴትዮዋ ገና ወረቀቷን ሳትገልጥ ቀደማት።

«ዶክተር፣ ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ጠርሙሱን፣ ሣጥኑን፣ የተወበትን አምስት ቀን፣ ቆቡን። ሐኪሟ ሳታቋርጠው ሰማችው። በየስንት ጊዜ እንደሚረጭ፣ ኢንሳ እርጥቡን ነክታው ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። አልነካችውም አለ፤ መፀነሷን ከነገረችኝ ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አልነካችኝም።

«ይስሙኝ» አለችው። «የእንግዴ ልጁን ኢንፌክሽን ይዞት ነበር፣ ያገኘነው ምክንያት እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ያነበቡት ማስጠንቀቂያ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፣ የወንድ ልጅ ብልት በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል ተብሎ ነው የሚፈራው። የእርስዎ ልጅ ግን አካሉ ምንም አልጎደለበትም። መድኃኒትዎን ከዚህ ሞት ጋር የሚያገናኘው ነገር አላየሁም።»

ኦኖ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ኢንሳ አላባበለችውም። ሐኪሟን አመስግና፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። የመኪና ማቆሚያው ጋ ሲደርስባት የመኪናውን በር ይዛ ቆማ ነበር።

«ኢንሳ፣ ይቅር በይኝ።»

«ዶክተሯን አምናታለሁ። አልገደልከውም።»

«ታዲያ...»

«ሦስት ወር ስትሸሸኝ እኮ ነው የከረምከው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እጄን ስዘረጋ ትነሳለህ። እኔ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር። ሆዴን ያስጠላህ፣ ልጁን የማትፈልገው መስሎኝ። ማታ ማታ ልጁን፣ አባትህ ይለምድሃል፣ ታገሥ እለው ነበር። ለፀጉር ብለህ ነው? አንድ ቃል ብትነግረኝ እኮ እስቅብህ ነበር፣ ከዚያ ያልቅ ነበር።»

ኦኖ ምክንያት ቢኖረው ኖሮ ይሻለው ነበር። ከአፍረት በቀር ምንም አልነበረም።

በሳምንቱ ኢንሳ ሌር ከተማ ወደምትኖረው እህቷ ዘንድ ሄደች። ለጥቂት ቀን ብላ ነበር፣ ወር ሆነ፣ ከዚያ ሥራዋንም እዚያው ወዳለ መነጽር ቤት አዛወረች። ኦኖ የቀሩትን ጠርሙሶች ወደ መድኃኒት ቤቱ መልሶ አስረከበ። በጥቅምት ፀጉሩ ረገፈ። መስታወት ፊት ቆሞ ሲያየው ይህን ያህል የፈራው ነገር ምንም ያህል አላስደነገጠውም፤ እንዲያውም አላሳዘነውም፣ ያም ሆድ አስባሰው። የቤተሰብ ግብዣ ላይ አጎቱ ሪንደርት አየውና አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ሻይ ቀዳለት፣ እስኪጨልም ድረስ ስለ ዓሣ ብቻ አወራው።

ሆስፒታሉ በመንፈቅ አንድ ጊዜ እንዲህ ያሉትን ሕፃናት ባንድነት ያስቀብራል። የነሱ ተራ በኅዳር ደረሰ። ነፋስ ነበር፣ ካፊያም ነበር። ሌሎች አሥር የሚሆኑ ወላጆች ቆመዋል፣ ማንም ማንንም አያይም። ኢንሳ ከእህቷ ጋር መጣች። የኦኖን መላጣ ራስ አየች፣ አጠገቡ መጥታ ቆመች። ቄሱ ጸለዩ። አንዲት ትንሽ ሣጥን ወረደች፤ ለሁሉም ልጆች አንድ ሣጥን ነው።

ሲጨርሱ የመቃብሩ ሠራተኛ፣ ስም ያወጡላቸው ካሉ ለመዝገቡ ይስጡን፣ ያላወጡም ግድ የለም ብሎ ደብተር ይዞ ዞረ። እነሱ ጋ ሲደርስ ኦኖ አንገቱን ደፋ። ስለ ስም አንድም ቀን አልተነጋገሩም፤ ለዚያ ሶፋ ላይ አብሮ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር።

«ኬኖ» አለች ኢንሳ።

ሠራተኛው ጻፈ።

ኦኖ ዞር ብሎ አያት። «መቼ አወጣሽለት?»

«በሦስተኛው ወር። ልነግርህ ነበር፣ ተነስተህ ሄድክ።»

እህቷ መኪናውን አስነስታ ትጠብቅ ነበር። ኢንሳ ጓንቷን አጠለቀች፣ በርታ አለችው፣ በጠጠሩ መንገድ ሄደች። ኦኖ ሠራተኛውን ተከትሎ ደብተሩን እንዲያሳየው ለመነው። ሰውየው ገልጦ አሳየው። ስሙ ከሌሎቹ በታች፣ በችኮላ፣ ነገር ግን በትክክል ተጽፎ ነበር። ካፊያው ወረቀቱን እንዳያረጥበው ሰውየው ደብተሩን እስኪዘጋ ድረስ አነበበው።