በፂም የሸፈንኩት እብጠት

አርባ ዓመት ፀጉር ቆርጫለሁ። የደንበኛዬን ፊት ከሚስቱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

የእህቴ ባል ሾፌር ነው። በወር አንድ ቅዳሜ እኔ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን ስላጨው ከግራ ጆሮው ሥር ምላጩ እንቅፋት አገኘ። ዳሰስኩት። ሽንብራ የምታክል እብጠት ናት።

«ያምሃል?»

«አያመኝም። ለእህትህ ትንፍሽ እንዳትል! እንዲሁም ከጭቅጭቋ አላረፍኩ።»

የእኔ ሙያ ማሳመር ነው። ፂሙን አሳደግሁለት። በፀጉር መቁረጫው በቶንዶስ ጫፍ የሚገጠመው ማበጠሪያ ቁጥሩ በጨመረ መጠን የሚተርፈው ፂም ይረዝማል። ሁለት ቁጥር አንድ ዓመት ሸፈነው። አራት ቁጥር ሁለት ዓመት። ከዚያ በሦስት ወር ውስጥ ስድስት ቁጥር ገባሁ። ወረፋ ጠባቂዎቹ «መነኩሴው መጡ!» ይሉታል። እሱም «ወንበሩን ልቀቁና ልባርካችሁ» ይላል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

አንድ ሰኞ ግራ ዓይኑ አልከደን አለው። የጠጣው ውሃ በከንፈሩ ጥግ ፈሰሰ። እህቴ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኳቸው። በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ የምራቅ ዕጢ ካንሰር ሆነ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። «መቼ ጀመረ?» አለች።

«ሁለት ወር ቢሆነው ነው» አለ የእህቴ ባል።

«እርግጠኛ ነዎት? መጠኑ፣ ዓይነቱ፣ ነርቭ መንካቱ፣ ወደ አንገት መዝለቁ፣ ሁሉም ሕክምናውን ይወስናል። ዓመታት ጸጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት ካደገ ግን ማወቅ አለብኝ። ናሙናውን የሚመረምሩትም ማወቅ አለባቸው።»

እሱ እኔን አየ። እኔ እህቴን አየሁ።

«ሦስት ዓመት ከሦስት ወር» አልኩ። የማበጠሪያዎቹን ቁጥር በየተራ ነገርኳት። ሐኪሟ ጻፈች።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ታውቅ ነበር?» አለች እህቴ።

«አውቅ ነበር።»

«እቤቴ እየመጣህ፣ እራት እየበላህ?»

«አዎ።»

ወንበሯን ከእኔ አርቃ ወደ ባሏ አስጠጋች።

በቀዶ ጥገናው ቀን ጠዋት አልጋው ላይ ላጨሁት። እብጠቱ እንቁላል አክሎ ታየ። ቀዶ ጥገናው ስድስት ሰዓት ፈጀባቸው። ሐኪሟ ስትወጣ «የቆረጥኩበት ጠርዝ ከካንሰር ንጹህ ይመስላል። ከአንገቱ ንፍፊቶች አንዱ አጠራጥሮኛል፤ የጨረር ሕክምና ያስፈልገዋል። የፊቱን ነርቭ ግን ማትረፍ አልቻልኩም። ቀደም ብሎ ቢመጣ ምናልባት ይተርፍ ነበር» አለች። ቁጣ አልነበራትም። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሁለት ዓመት ሆነው። ሐኪሟ በየሦስት ወሩ ትመረምረዋለች። በግማሽ ፊቱ ይስቃል። ጨረር የነካው ቦታ ፂም አያበቅልም።

«መነኩሴው ቆብ ጣሉ» ይላል ራሱ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመው።

በወር አንዷ ቅዳሜ አሁን እህቴም አብራው ትመጣለች። ከኋላ ባለው አግዳሚ ትቀመጣለች። ስጨርስ ምላጩን አስቀምጬ ከጆሮው ሥር እስከ አንገቱ በጣቶቼ እፈትሻለሁ።

«ደህና ነው» እላለሁ።

እሷ ትነሳና በገዛ እጇ ደግማ ትዳስሰዋለች።