የአምስተኛ ክፍል ዩኒፎርም

ሥራዋ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠብታ መለካት ስለሆነ ታላቅ እህቷ «ጠብታ» እያለች ነው የምትጠራት። ታላቅየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ካንሰር እንዳለባት ካወቀች ሰባት ወር ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ክፍል ለምትማረው ልጇ የመጪዎቹን ዓመታት ዩኒፎርም ስትሰፋ ከርማለች። የሦስተኛ ክፍሉንና የአራተኛውን ጨርሳ የአምስተኛውን ቆርጣ ሳለ፣ ጠብታ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ ሠራ!»

ዲኤንኤ በሴል ውስጥ እንደ ክር ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ጥቅሉን የሚያላሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ በእትዬ ዓይነት ካንሰር አንዱ ያለቅጥ እያላላ ዕጢውን ያሳድገዋል። ጠብታ የምትሞክረው ውህድ የዚህን ፕሮቲን እጅ የሚይዝ ነው። ውህዱን የጨመረችበት የላቦራቶሪ ሳህን ላይ የነበሩት የካንሰር ሴሎች በሙሉ ሞተው አደሩ።

እትዬ የአምስተኛውን ጨርቅ አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። «ጊዜው ሲደርስ እሰፋዋለሁ» አለች። ያን ቀን ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

የቸኮለ ምላስ! የጠብታ አለቃ እንኳ ውጤቱን ገና አላየውም ነበር። ውህዱ በውሃ አይሟሟም፤ ማሟሚያው ፈሳሽ ደግሞ ሲበዛ ብቻውን ሴል ይገድላል። ስለዚህ ፈሳሹን ብቻ የሚያገኝ ማነጻጸሪያ ሳህን ይዘጋጃል፤ የፈሳሹ መጠንም በሁለቱ ሳህኖች እኩል መሆን አለበት። ጠብታ የገዛ ደብተሯን ስታነብ ክው አለች። መድኃኒቱ ያለበት ሳህን ከማነጻጸሪያው አሥር እጥፍ ፈሳሽ ገብቶበታል። ያንኑ ያህል ፈሳሽ ብቻውን አዲስ ሳህን ላይ ጨመረች፤ በማግስቱ አንድም ሴል አልተረፈም።

እግሯን እየጎተተች እህቷ ቤት ሄደች።

«እትዬ፣ መድኃኒቱ አይደለም የገደላቸው። እኔ ነኝ፤ ማሟሚያውን አብዝቼ።»

«ጠብታ በጠብታ ተሳሳተች በይኛ» አለች እትዬ። ፈገግታዋ ግን ብዙ አልቆየም። «ውህዱስ አበቃለት?»

«አላውቅም። ሰኞ እንደገና እሞክረዋለሁ።»

«ቢሠራስ፣ ለእኔ ይደርሳል? እውነቱን።»

ጠብታ መዋሸት አቃታት። «አይመስለኝም፣ እትዬ። ዓመታት ይፈጃል።»

እትዬ ብድግ አለች። የአምስተኛውን ጨርቅ ከቁም ሳጥኑ አወጣችና ሜትሩን ለእህቷ ሰጠቻት።

«የስድስተኛ ክፍሉን የምትሰፊው አንቺ ነሽ። ከአሁኑ ልመጂ።»

ጠብታ በእንባ በተጋረደ ዓይን የጨርቁን ርዝመት ለካች።

«ስንት መጣ?»

«ስድሳ ሁለት።»

«እንደገና ለኪ፣ የኔ ቆንጆ» አለች እትዬ፣ ጀርባዋን እያሻሸቻት።